ይየውን ያዳንሁበት በጋ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ ግብዣ አድርገውልኝ ነበር። አንድ ጋቢና አንድ ጃንጥላ ሰጡኝ። ከዚያ ጸሐፊው ተነሥቶ የሥራ ታሪኬን አነበበ። ፍኖተ ሰላም ይህን ያህል ዓመት፣ ደምበጫ ይህን ያህል፣ አዴት ይህን ያህል፣ ፈረስ ቤት ይህን ያህል፤ የአባ ሰንጋ ክትባት፣ የደስታ በሽታ ክትባት፣ የምስጋና ደብዳቤ። ሰው አጨበጨበ። እኔ እጄን አጣጥፌ ስሰማ ቆይቼ አንድ ነገር ልብ አልሁ፤ መዝገቡ የሚጀምረው ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ምን ስሠራ እንደነበር ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርሁም። ጃንጥላዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

እንስሳ ማከም የተማርሁት ግን በጣልያን ጊዜ ነው፤ ቡሬ ምሽግ ውስጥ። ይህን ለልጆቼም በደንብ ነግሬያቸው አላውቅም። ሲጠይቁኝ «በቅሎ እይዝ ነበር» እያልሁ አልፋቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፣ እውነቱም ግን ያ ብቻ አይደለም። አሁን ከሥራ የሚያባርረኝ አለቃ የለም፤ ልጻፈው።

አባቴ የደብር ቄስ ነበሩ፤ እኔንም ለድቁና ነበር ያሳደጉኝ። እሳቸው ሲሞቱ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ቤት ውስጥ እናቴና ሁለት እኅቶቼ አሉ። ምሽግ የገባሁት ተገድጄ አይደለም። «በቅሎ መያዝ የሚችል ሰው ይፈለጋል» ሲባል ሰምቼ በገዛ እግሬ ሄድሁ። ዱቄትና ጨው ይሰጡ ነበር። ዱር የገቡት የአባቴ ዘመዶች ይህን ሲሰሙ ስሜን መጥራት ተዉ አሉ። እኔ ግን በቅሎ ባንዳ አይሆንም፣ በቅሎ ማከምም ባንዳነት አይደለም እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር።

የበቅሎ ሐኪም ቤት የምንለው ከግንቡ ጥግ የተሠራ ረጅም የቆርቆሮ ዳስ ነው። የመድኃኒቱ ሽታ ከሩቅ አፍንጫ ይሰነፍጣል። የበላያችን ጣልያናዊ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ በማዕረጉ ቴኔንቴ፣ መቶ አለቃ እንደማለት፣ እንለዋለን። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ሰው የማይመታ፣ ታሞ የተኛ እንስሳ ካየ ምሳውን የሚረሳ ሰው ነበር። ጭራቅ ነበር ብል ለእኔም ይቀለኝ ነበር፤ ግን አልነበረም። አማርኛ የሚያውቀው ለሥራው የሚበቃውን ያህል ነው፤ «ያዝ»፣ «ልቀቅ»፣ «ውሃ»፣ «ቀስ»።

እውነተኛው አስተማሪዬ ግን አያ ቢተው ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ የበቅሎ ባለመድኃኒት ነበሩ። ጣልያን ሳይመጣ የባላባቱን በቅሎ ሁሉ ሲያክሙ ኖረዋል፤ ምሽጉ ውስጥ ኮርቻ የላጠው ገጣባ ሲበዛ ቴኔንቴው አስፈልጎ አስመጣቸው። ማንበብ አያውቁም። እንስሳ የሚነኩት እጃቸውን በአመድ ታጥበው፣ መዳፋቸውን እስኪሞቅ አፋትገው ነው። «ቀዝቃዛ እጅ ያስደነግጠዋል፤ ኸደነገጠ ሕመሙን ይደብቅብሃል» ይሉኛል። ትኩሳትን በጆሮ ሥር ያውቃሉ። የአንገቱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥረው ይለቃሉ፤ ቶሎ ከተመለሰ ደህና፣ እንደተቆነጠረ ከቀረ ውሃ አልቆበታል። ከንፈሩን ገልጠው ድዱን በአውራ ጣት ይጫኑና ደሙ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ቴኔንቴው ይህንኑ ከመጽሐፍ ያውቀዋል፤ ሁለቱ አንድ በቅሎ ላይ ጎንበስ ብለው ያለ ቋንቋ ሲግባቡ አያቸው ነበር። እኔም ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት ያንኑ ነው።

አንዱ ልማዳቸው ግን ከቴኔንቴው መጽሐፍ ውስጥ የለም። አያ ቢተው ስሙን ሳያውቁ እንስሳ አያክሙም። በቅሎው ሲመጣ መጀመሪያ ባለቤቱን «ስሙ ማን ነው?» ይሉታል። ከዚያ ወደ በቅሎው ጆሮ ተጠግተው ስሙን በሹክሹክታ ይነግሩታል፤ መድኃኒቱን የሚያጠጡት ከዚያ ወዲያ ነው። አንድ ቀን «ምነው አያ፣ ጮክ ቢሉስ ምን አለበት?» አልኋቸው።

«የምነግረው ለእሱ ነው» አሉኝ። «የግቢው ሰው ሰምቶ ምን ያደርግለታል?»

የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ሳቅሁ።

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ በገባ ሰሞን ጦሩ ወደ ቆላ ወርዶ መንደር አቃጥሎ ተመለሰ። ቴኔንቴው በቅሎዎቹን ሊከታተል አብሮ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ከኮርቻው ፊት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሲገልጠው ውሻ ነው፤ ቡላ፣ ደረቱ ነጭ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ። የቀኝ ጎኑ ከትከሻው እስከ ታፋው ተቃጥሏል፣ የእግሮቹም መዳፍ ተልጧል። ያገኘው ከተቃጠለ ቤት ደጃፍ ተኝቶ አልነሣም ሲል ነው። ቤቱን ያቃጠለውም ውሻውን ያነሣውም ያው አንድ ጦር መሆኑ ያኔ አልከነከነኝም። ቴኔንቴው በጣቱ መጀመሪያ ውሻውን፣ ቀጥሎ እኔን አመለከተና «አንተ» አለ። አስታምመው ማለቱ ነው።

እናቴ ስትሰማ «በሁዳዴ ውሻ አቅፈህ እየዋልህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳትደርስ!» አለችኝ። አልደረስሁም። ቁስሉ ትል ነበረበት፤ አያ ቢተው ወረንጦ ሰጡኝና አንድ በአንድ ለቀምሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ አፍልቼ ባቀዘቀዝሁት ውሃ አጠብሁት። ቴኔንቴው ቅባት ይቀባ ይላል፣ አያ ቢተው ማር ይሻላል ይላሉ፤ በመጨረሻ ቴኔንቴው ራሱ ማሩን ይዞ መጣ። ውሻው በተቃጠለው ጎኑ መተኛት ስለማይችል ደህናው ጎኑ ደግሞ እንዳይቆስል ገለባ አብዝቼ እጎዘጉዝለታለሁ፣ በየጊዜው አንሥቼ በደረቱ አስተኛዋለሁ። ውሃ በማንኪያ በአፉ ጥግ አንጠባጥብለታለሁ።

መብላት ግን እምቢ አለ። ጾም ስለሆነ ወተት የሚሸጥ ክርስቲያን ቤት የለም። ቴኔንቴው የቆርቆሮ ወተት ሰጠኝ፤ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ሥጋ ሰጠኝ፤ አዞረ። አራት ቀን ሆነ። የአንገቱ ቆዳ እንደቆነጠርሁት መቅረት ጀመረ። አያ ቢተው አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ሲያዩት ቆዩና «የማን እንደሆነ ጠፍቶታል» አሉኝ። «ስሙን ፈልግለት። ኸዚያ ይውጥ ይሆናል።»

በገበያ ቀን ወጣሁና ከቆላ የመጣ የመሰለኝን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። ቡላ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጆሮው የተቆረጠ ውሻ የማን ነው? ምሽግ እንደምሠራ ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ማንም አይመልስልኝም። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ልጄ፣ ሰው ጠፍቶ አንተ የውሻ ቤት ትፈልጋለህ?» ብለውኝ አለፉ። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ከሸክላ ተራው ጀርባ አንዲት ጌሾ የምትሸጥ ሴት ተከተለችኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳለች።

«በሕይወት አለ?» አለችኝ።

«አለ፤ ግን አይበላም።»

አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ይየው ነው ስሙ» አለች። «ቂጣ በውሃ ፈትፍተህ ጨው ነስንስለት፤ ሌላ አያውቅም። ስሙን ግን በጆሮው ንገረው። በጆሮው ብቻ! አደራ በምድር፣ አደራ በሰማይ።»

በእኛ አገር ለውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ተብሎ አይደለም፤ ለጎረቤት ተብሎ ነው። የተጣላ ሰው ፊት ለፊት የማይናገረውን በውሻው ስም ይናገራል፤ ጠዋት ማታ እየተጣራ በባላጋራው ጆሮ ያስገባዋል። ውሻው ይየው ከተባለ እንዲያይ የተፈለገ አንድ ሰው አለ ማለት ነው። ይህን የአገሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ያ ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ስሙን በማግኘቴ ብቻ ደስ ብሎኝ እየሮጥሁ ተመለስሁ።

ገለባው ላይ በሆዴ ተኛሁና አፌን ከደህናው ጆሮው አስጠግቼ «ይየው» አልሁት። ጆሮው ቆመ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ቂጣውን ወደ አፉ ሳስጠጋለት መጀመሪያ ጨውን፣ ቀጥሎ መዳፌን ሁሉ ላሰው። አለቀስሁ። ኋላ በሥራዬ ብዙ ከብት አድኛለሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝን ግን አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ጌሾ የምገዛ መስዬ ከሴትዮዋ ፊት ቁጢጥ እላለሁ። «ቆዳው መግጠም ጀመረ» እላታለሁ። ሌላ ጊዜ «ተነሥቶ ተቀመጠ»፣ ሌላ ጊዜ «ትናንት ጮኸ»። እሷ ጌሾዋን እያገላበጠች «እሰይ» ትላለች እንጂ ቀና ብላ አታየኝም። ስሟን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ራሷ ተናገረች። «ኸቤቴ የተረፈኝ እሱ ነው» አለችኝ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ በአንዱ የገበያ ቀን ለቴኔንቴው ከደብረ ማርቆስ እንግዶች መጡ፤ መኮንኖች ናቸው። የዳነውን ውሻ ሊያሳያቸው ፈለገ። በራሱ ቋንቋ ስም አውጥቶለት ነበርና በዚያ ስም ጠራው። ውሻው ዝም። ደግሞ ጠራው፣ ዝም። እንግዶቹ ሳቁበት፤ ቴኔንቴው ፊቱ ቀላ። አዘንሁለት። አዘንሁለት ብቻ ብል ግን ውሸት ነው፤ ሥራዬ ይታይልኝ ብዬም ነው። ይየው እስከዚያ ቀን ከሁለት እርምጃ በላይ ሄዶ አያውቅም። ከግቢው ማዶ የበቅሎዎቹ ገንዳ ጋ ሄጄ ቆምሁና በሙሉ ድምፄ «ይየው! ና ይየው!» ብዬ ተጣራሁ።

ተነሣ። ተንገዳገደ። እያነከሰ ግቢውን ሙሉ አቋርጦ መጣና ራሱን በጉልበቶቼ መካከል ቀበረው። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ቴኔንቴው ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ሲጋራ ሰጠኝ። አያ ቢተው ጩኸቴን ሰምተው ከዳሱ ብቅ አሉ፤ እኔን አዩ፣ ግቢውን አዩ፣ ተመልሰው ገቡ።

ከአጥሩ ሥር ባሻ ውብነህ በቅሎውን ይዞ ተራ ይጠብቅ ነበር። የአካባቢው ባንዳ አለቃ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በእሱ አፍ «አንተ» ከመባል በቀር ስም አልነበረኝም።

«ሐኪም!» አለኝ ወደ እኔ እየመጣ። «እንዲህ ያለ እጅ ኸየት አመጣህ? ጣልያኑን በለጥኸው እኮ!» ጎንበስ ብሎ የዳነውን ቁስል አየ፣ በጣቱ ዳሰሰ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ስሙንስ ራስህ ነህ ያወጣህለት?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ማንም አልደበደበኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ግን ስሙን እንዴት ባለ ድካም እንዳገኘሁት፣ ብልሃቴን፣ ለሰው መንገር አማረኝ። ሐኪም ብሎኛላ!

«ገበያ ውስጥ ጌሾ የምትሸጥ ሴት ነገረችኝ» አልሁት።

«እንዲያ ነው?» አለና ሳቀ። «ይህ ስም የወጣው ለማን እንደሆነ ታውቃለህ? ለእኔ ነው! ኸአያሌው ጋር በወሰን ተካሰስን። ረታኝና በማግስቱ ቡችላ አምጥቶ ይየው አለው። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ ሲያሰማኝ ኖሯል።»

አያሌው ማለት ጦሩ ቆላውን ሁሉ እያሰሰ የሚፈልገው አርበኛ ነው። ባሻ በቅሎውን እዚያው ትቶ ወጣ። ከምሽጉ እስከ ገበያው የሚወስድ አቋራጭ አውቃለሁ፤ ብሮጥ እቀድመው ነበር። አልሮጥሁም። ባሻ ቀልዶ ይሆናል አልሁ፣ እሷም እስካሁን ወደ ቤቷ ሄዳ ይሆናል አልሁ። ሲጋራውን በእጄ ይዤ እንደቆምሁ ቀረሁ፤ ማጨስ እንኳ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ አመጧት። ሻሿ ወልቋል። ባሻ «ጥሩወርቅ! የአያሌው ሚስት!» እያለ ይጠራታል፤ ስሟን የሰማሁት ያኔ ነው። እሷ «ጥሩወርቅ አይደለሁም፣ ኸአዊ አገር የመጣሁ ነኝ፣ አያሌው የሚባል አላውቅም» ትላለች። መኮንኖቹ በአስተርጓሚ ይሰማሉ። ድምፅዋ ስላልተንቀጠቀጠ ሊያምኗት ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ባሻ ወደ እኔ ዞረና «ሐኪም፣ በሽተኛህን አምጣው» አለኝ።

ወደ ዳሱ ገባሁ። አያ ቢተው በሩ ላይ ጠበቁኝ። «እግሩ አገርሽቶበታል በል» አሉኝ በሹክሹክታ። «አይነሣም በል። እኔ እመሰክርልሃለሁ።» ሰምቻቸዋለሁ። አለፍኋቸውና ውሻውን በገመድ ይዤ ወጣሁ።

ገና ከሩቅ አሸተታት። ገመዱን ከእጄ አስለቀቀኝ። ያ መራመድ ያቃተው ውሻ ሮጠ! እግሯ ሥር ወድቆ እያለቀሰ እግሯን፣ የቀሚሷን ጫፍ፣ እጇን ይልሳታል። እሷ ወደ ታች አላየችም። እጇን ከጎኗ ሳታንቀሳቅስ «አላውቀውም» አለች። «የማን ውሻ ነው? አርቁልኝ።» እሱ ይበልጥ ይጠመጠምባታል። መኮንኖቹ ሳቁ። ቴኔንቴው መነጽሩን አውልቆ ይወለውል ጀመር። ሊወስዷት ሲገፏት አንድ አፍታ ዝቅ ብላ አየች፤ ያየችው ፊቱን ሳይሆን ጎኑን ነው። ቁስሉ መዳኑን አይታ ሄደች። እኔን አላየችኝም።

ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዷት ተባለ። ክረምቱ ሳይገባ እስር ቤት ውስጥ ሞተች ተባለ። ባሏ የት እንዳለ አልተናገረችም። በወሩ ቴኔንቴው የመድኃኒት ሣጥኑን ቁልፍ ሰጠኝ፤ ተቀበልሁ።

አያ ቢተው አልተቆጡኝም። በማግስቱ እንደ ወትሮው እጃቸውን በአመድ ታጥበው ሥራ ጀመሩ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ባለ በቅሎ መጥቶ ስም የሚጠይቁበት ጊዜ ሲደርስ «እስቲ ውሃ አምጣ» ብለው ያርቁኛል። እስኪሞቱ ድረስ አንድ የበቅሎ ስም አላሰሙኝም። እኔም ከዚያ በኋላ ባለከብት የላሙን ወይም የበሬውን ስም ጠይቄ አላውቅም። አዴት ሳለሁ አለቃዬ የነበረው ወጣት ዶክተር ይህን አስተውሎ «አንተ ከባለከብቱ ጋር ወሬ አታበዛም፣ ጥሩ ነው» ብሎ አመስግኖኛል።

ጣልያን ቡሬን ለቅቆ በደምበጫ በኩል ሲሸሽ ባሻ ውብነህ መንገድ ላይ ተገደለ። ውሻው ከእኔ ጋር ቀረ። እንስሳ ማከም የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ፍኖተ ሰላም ተቀጠርሁ፤ ይየውንም ይዤው ሄድሁ። አንድ ጠዋት ጎፈሬው ትከሻው ላይ የወረደ፣ ጠብመንጃ ያነገተ ሰው ሙክት እየጎተተ ደጄ መጣ። በሌላ እጁ ገመድ ይዟል። ይየው አጥሩን ጥሶ ወጣና ተጠመጠመበት። ሰውዬው ተንበርክኮ ፊቱን በውሻው አንገት ውስጥ ቀብሮ ብዙ ቆየ።

«አያሌው እባላለሁ» አለኝ ሲነሣ። «አንተ ነህ ያዳንኸው አሉኝ። እግዜር ይስጥህ። ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ዘመን የእኔን ውሻ አስታመምህልኝ።» ሙክቱን ከአጥሬ አሰረና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ውስጥ ነበርህና ታውቃለህ። ጥሩወርቅን ማን ነው የጠቆማት? ሰዉ ውሻው እግሯ ላይ ወድቆ አሳበቀባት ይላል። እኔ አላምንም። ኸውሻው በፊት የተናገረ ሰው አለ እላለሁ።»

ጠብመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞታል። ፈርቼ ነው ብል ሰው ይቅር ይለኝ ይሆናል። ግን ፍርሃት አልነበረም። ሰውዬው ሊያመሰግነኝ መጥቷል፤ ያን ምስጋና ማጣት አቃተኝ።

«ውሻው ነው» አልሁት። «ሌላ ሰው አልነበረም።»

እጁን ከይየው ራስ ላይ አነሣ። ውሻውን ሊወስድበት ያመጣውን ገመድ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተው። «እንግዲያ እኔ ቤት አይገባም» አለ። «ባየሁት ቁጥር...» አልጨረሰውም። ሙክቱን ትቶልኝ ሄደ። ይየው ተከተለው። ወንዙ ጋ ሲደርሱ አያሌው ዞሮ ጓል ወረወረበት። ውሻው ቆመ፣ ደግሞ ተከተለ፤ ደግሞ ወረወረበት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እያነከሰ ተመለሰና ደጄ ላይ ተኛ።

ሦስት ዓመት ከእኔ ጋር ኖሮ ሞተ። ማንም ሰው ወደ ግቢዬ ሲመጣ ተነሥቶ ያያል፣ አያሌው አለመሆኑን ሲያውቅ ይተኛል። በአካባቢው በሠራሁባቸው ዓመታት አያሌው በየዓመቱ ከብቱን ለክትባት ያመጣ ነበር። በአክብሮት ሰላም ይለኛል፤ ስለ ውሻው አንድም ቀን አልጠየቀኝም። በመጣ ቁጥር ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ከዚያ መርፌዬን እሞላና «ቀጣዩን አምጡ» እላለሁ። ባለፈው ዓመት ሞተ። ቀብሩ ላይ ነበርሁ፤ የገዛ ውሻው በሚስቱ ያሳበቀበት ሰው እያሉ አለቀሱለት።

ኋላ ካገባት ሚስቱ የወለዳቸው ልጆቹ ደምበጫ አሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። አባታችሁ ልክ ነበሩ። ከውሻው በፊት የተናገረ ሰው ነበረ፤ እኔ ነኝ።